ለሐሚሽ የሚጻፉ አቤቱታዎች

ለምወድሽ እህቴ ፊሊፓ፣

የፐርዝ ሙቀት እንዴት ይዞሻል? እዚህ ዳኒደን እንደለመደው ይዘንባል፤ እኔም እማዬም ደህና ነን።

ወንድማችን ሐሚሽ ሠርቶ በነጻ ያደለው ፕሮግራም የኦርቬን ኩባንያን ፋይሎች መክፈት አቆመ። ፋይሉ የሚጻፍበት ደንብ የእነሱ ስለሆነ እንደገና ለወጡታ! ወኪላቸው ትምህርት ቤታችን መጥቶ ከረሜላ እያደለ፣ "ደንባችን ለሁሉም ክፍት ነው" አለን።

"ታዲያ ለምን እናንተ ብቻ ትቀይሩታላችሁ?" አልኩት።

"አይ አንተ ጎረምሳ! ወንድምህ እኮ የእኛው ሰው ነበር" ብሎ ትከሻዬን ቸብ ቸብ አደረገኝ። በሕይወቱ አንድ ኢሜይል ያልመለሱለት ሰዎች! ለቀብሩ የላኩት አበባ ላይ እንኳ አርማቸውን ለጥፈዋል።

እማዬ ጠዋት ጠዋት የሐሚሽ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጣ ተጠቃሚዎች የሚጽፉትን የብልሽት አቤቱታ ታነባለች። "ነገ አስተካክለዋለሁ" ብላ በስሙ ትመልሳለች። ቁርስ የምትቀምሰው ከዚያ በኋላ ነው። ድሮ በቀን ሠላሳ አቤቱታ ይመጣ ነበር፤ አሁን ሰው ሁሉ ወደ ኦርቬን እየሄደ ነው። ትናንት አንድም አልመጣም። የተጠበሰ ዳቦዋን ለውሻው ሰጠሁት።

እባክሽ አንቺም ፕሮግራሙን ጫኚና አንድ የብልሽት አቤቱታ ጻፊ። በሌላ ስም ይሁን፤ ረዘም አድርጊው።

ሁሌም የሚናፍቅሽ ወንድምሽ፣
ሮሪ