የሦስተኛው ሰው ፊርማ

ማርች 4፣ ማክሰኞ
ዛሬም እንደ ሁልጊዜው። ልጄን ሶረቲን ከዳጊስ፣ ከመዋለ ሕፃናቱ፣ አውጥቼ፣ ሙዝ አብልቼ፣ እሷን በጋሪ፣ ቤዝ ጊታሩን በጀርባ… የልምምድ ክፍላችን ያለበት ቬሊንግቢ ስደርስ ልምምዱ ሊያልቅ ሃያ ደቂቃ ቀርቶታል። ሐዋዝ ሳክስፎኑን እየወለወለ "እንኳን ለመሰናበቻው አደረሰሽ!" አለኝ። ዓይነ ደረቅ!
በሙዚቃ ከተመረቅሁ ዓመት አልሞላኝም። የመጀመሪያው መድረካችን ሜይ 10፣ እዚሁ አደባባዩ ላይ። እንደርስ ይሆን?

ማርች 9፣ እሑድ
ድራም የምትመታልን ዝማሬ ደወለች። እህቷ መንታ ወልዳለች፣ ልታርሳት አዲስ አበባ ልትሄድ ነው። እስከ ኤፕሪል መጨረሻ!
ክፍሉን በነፃ የሰጠን የጎልማሶች ማስተማሪያ ማኅበር ነው፤ ባንዳችን የተመዘገበው እንደ ጥናት ቡድን። በየልምምዱ ሦስት ተሳታፊ ካልፈረመ ክፍሉ ወረፋ ለያዘ ይሰጣል። እኔና ሐዋዝ ሁለት ነን… ባሌ ናታን ደግሞ ማክሰኞ ማክሰኞ ሁዲንጌ ሆስፒታል ተረኛ ነው። ሶረቲንም እስከ ዛሬ ሦስታችን እየተቀባበልን ነበር የያዝናት፤ አሁን ማን ይያዝልኝ? ባንዱን ልተወው? ይህን ስጽፍ አለቀስኩ። ሞኝ።

ማርች 12፣ ረቡዕ
የትናንቱን ልምምድ ሰረዝን። ናታን "አባዬን ልጠይቃቸው?" አለ። ጋሽ ይገዙን! የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌውን! ሠርጋችን ላይ ሐዋዝ ሳክስፎን ሲያነሳ ወጥተው መኪና ውስጥ የተቀመጡትን!

ማርች 18፣ ማክሰኞ
መጡ። "ዘፈን ልሰማ አይደለም፤ ልጅ ልይዝ ነው" ብለው ጥግ ተቀመጡ። ሶረቲ የጆሮ መከላከያዋን አድርጋ ጭናቸው ላይ።
ሐዋዝ ወረቀቱን አቀረበ። "ጋሼ፣ እዚህ ጋ ብቻ ይፈርሙልን።"
መነጽር አድርገው እስከ ታች አነበቡት።
"ተሳታፊ ይላል እኮ። ምኑን ተሳተፍኩ?"
"ፎርማሊቲ ነው፣ ጋሼ…"
"ውሸት ነው። ያልሠራሁትን ሠራሁ ብዬ አልፈርምም።"
አፈርኩ። እውነታቸውን ነዋ! አለቀልን ብዬ ጊታሬን ላስገባ ስል…
"ሙዚቃችሁ ቃል የለውም አይደል?"
"የለውም። መሣሪያ ብቻ ነው።"
"ቃል ከሌለው ዘፈን መሆኑን በምን አውቃለሁ!" ብለው ሶረቲን አቀበሉኝና ጥግ የቆመውን ከበሮ ሳቡት። ለካ በወጣትነታቸው ነቀምት የመዘምራን ከበሮ መቺ ነበሩ! ሶረቲን አዘልኳት፣ ቤዙን ከፊት። ተጫወትን።
ስንጨርስ ፈረሙ። በትልቁ።

ኤፕሪል 8፣ ማክሰኞ
"ሊዲያ፣ አረፈድሽ" አሉኝ ጋሽ ይገዙ ገና ስገባ። ሃያ ስምንት ዓመት አውቶቡስ የነዳ ሰው… ሦስተኛውን ሥራችንንም "አትቸኩሉ፣ ፌርማታ ዘለላችሁ" ብለው አዘገዩት። በጣም ተሻለ። ሐዋዝ እንኳ አመነ! ሐዋዝ አምኖ አያውቅም።

ሜይ 10፣ ቅዳሜ
ተጫወትን!!! ዝማሬ በድራሟ፣ ጋሽ ይገዙ በከበሯቸው… አዎ፣ መድረክ ላይ፣ በሙሉ ልብስና በከረባት። ከፊት የቆሙ አንድ የቤተ ክርስቲያናቸው ሰው "አቶ ይገዙ! ምን እየሠሩ ነው?" ቢሏቸው፣ "እየተማርኩ" አሉ፣ ከበሮውን ሳያቆሙ። ሶረቲ ናታን ትከሻ ላይ ታጨበጭባለች። ደስታዬን የማደርግበት አጣሁ።

ሜይ 12፣ ሰኞ
ጋሽ ይገዙ ጋ ደወልኩ።
"ጋሼ፣ ነገ ሶረቲን እንደተለመደው ይይዙልናል?"
"አይ ልጄ፣ ሌላ ሰው ፈልጉ።"
ደነገጥኩ። ሰው ተናገራቸው? በመድረኩ ተጸጸቱ?
"ምነው ጋሼ፣ ምን አጠፋን?"
"ምንም። ማክሰኞ እኮ ልምምድ አለኝ።"
ናታን ሲሰማ በሳቅ ፈነዳ። ከዚያ ተነስቶ፣ የማክሰኞ ተረኝነቱን እንድትቀይርለት ለአለቃው ጻፈላት።