የኮትህ አቧራ የሠራው በረዶ

ውድ አባዬ፣

“ድንጋይ ጠልቶ ሄዶ ጨርቅ ያዘ” አልክ አሉ ለእህቴ። አዎ፣ ይዣለሁ! ግን ምን እንደምወለውልበት ጠይቀሃል? ስደውል ጆሮዬ ላይ ስለምትዘጋው ነው የምጽፍልህ። ዕድሜህን ሙሉ መቃብር ድንጋይ ላይ ፊደል ስትቀርጽ የኖርክ ሰው ነህ፤ ዶሮ የጫረው የሚመስል ጽሑፌን ማንበብ አያቅትህም።

ስማኝማ። እኔ የምሠራበት የምርምር ቤት ደመና ነው የሚሠራው። አትሳቅ! ክፍል የሚያህል የብረት ጋን አለ። ጉም ይሞሉትና ያቀዘቅዙታል። ውሃ ዜሮ ላይ በረዶ ይሆናል ብለህ ነው የምታውቀው አይደል? እኔም እንደዛ ነበር የማውቀው። ደመና ውስጥ ያለች ንጹሕ ጠብታ ግን ዜሮን አልፋ፣ ብዙ ወርዳም ውሃ እንደሆነች ትቆያለች። በረዶ ለመሆን የምትይዘው ነገር ትፈልጋለች፤ ዓይን የማያያት ብናኝ። እሷን ካገኘች ቀጭ! በረዶ። ከዛ እንፋሎቱ እላይዋ ላይ ይጠራቀማል፣ ትከብዳለች፣ ትወርዳለች። ከላይ በረዶ ሆኖ ተነስቶ መንገድ ላይ ቀልጦ የሚደርሰን ዝናብ ስንት እንደሆነ ብታውቅ!

ታዲያ ጋኑ መጀመሪያ ንጹሕ መሆን አለበት። የሚያጸዳው እኔ ነኝ። ከኔ በላይ የሚያጸዳ የለም፣ ራሳቸው ይናገሩ። ዶክተሯ፣ አለቃችን፣ “አንተ ካጸዳኸው ዓይኔን ጨፍኜ ነው የምዘጋው” ብላኛለች።

ባለፈው ግን ብርዱ ሲያንቀጠቅጠኝ ያንን ኮትህን ከነጩ ቱታ ሥር ደረብኩት። ከቤት ስወጣ በር ላይ “ብርድ እንዳይገልህ!” ብለህ ፊቴ ላይ የወረወርክብኝን። የቱታው ዚፕ ደረቴ ላይ አልዘጋ አለ። ደረቴን ታውቀዋለህ፣ ያንተ ነው። እንደተከፈተ ገብቼ ወለወልኩ።

ጉሙ ገባ፣ ማቀዝቀዝ ተጀመረ። ሙቀቱ ገና ብዙም ሳይወርድ በመስኮቱ ብልጭ፣ ብልጭ፣ ብልጭ! ጋኑ ሙሉ በረዶ። ምንም ነገር አልጨመርንበትም እኮ!

የማቀዝቀዣው ቴክኒሻን፣ “ፍሪጅ” ነው የምንለው፣ ዞሮ አየኝ።

“አንተ፣ ውስጡ አስነጠስክ እንዴ?”

“እኔ ባስነጥስ ጋኑ ይሰነጠቅ ነበር!”

ዶክተሯ አልሳቀችም። “ማነው ያጸዳው?”

“እኔ!” አልኩ።

ጥፋቱ የኮቱ መሆኑ ገብቶኝ ቀስ ብዬ ወጣሁና መታጠቢያ ቤት ወስጄ በሳሙና አሸሁት። ኪሱን ገለበጥኩት፤ ጭቃው እየተግተለተለ ወረደ። ዞር ስል ዶክተሯ በር ላይ ቆማለች።

“እሱ ኮት ምን ነበረበት?”

“አቧራ። የአባቴ አቧራ።”

“እና አጠብከው?!”

“ንጹሕ ሰው ነኝ እኮ!”

ግንባሯን ያዘች። ፍሪጅ ከኋላዋ፣ “ወይ ጉድ፣ ሀብቱን ቧንቧ ውስጥ ደፋው!” ይላል።

ከዛ፣ “አባትህ ምን ዓይነት ድንጋይ ነው የሚጠርበው?” አለችኝ። ደረቴን ነፋሁ! ስለ ሮዙ ድንጋይ ነገርኳት፤ በመሮ ስትመታው እንደ ደወል እንደሚጮህ፣ ስብራቱ ፀሐይ ላይ እንደሚያብረቀርቅ፣ ሌላው ጠራቢ ፈርቶት ላንተ እንደሚተውልህ።

“ጠርጥሬ ነበር” አለች። እንደዛ ያለ ድንጋይ ውስጥ በረዶ ቶሎ የሚያስይዝ ማዕድን አለ አሉ። “ግን አንዴ መታየቱ አይበቃም። አቧራውን አምጣና እንድገመው። ከተደገመ የአባትህ ድንጋይ ነው። ካልተደገመ ያንተ ቆሻሻ ነው፤ ጋኑን ሌላ ሰው ያጸዳል።”

ሌላ ሰው! እኔ እያለሁ! አባዬ፣ መዶሻህን ለሌላ ሰው ትሰጣለህ? እኔም አልሰጥም።

ያኔ የወረደብን በረዶ ትዝ ይልሃል? ሁለታችንም ጋሪው ሥር ተወሽቀን፣ አንተ መዶሻህን እያወዛወዝክ “ማነው ድንጋይ የሚወረውርብኝ?” ብለህ ሰማዩን ስትሳደብ? የወረወርከው ራስህ ትሆናለህ እኮ! ስትመታ ስትመታ ያስነሳኸው አቧራ ስንት ዘመን በነፋስ ሲወጣ ኖሯል። እማዬ ከአልጋ ልብሱ ላይ እያራገፈች ስትራገመው የኖረችው አቧራ ደመና ውስጥ ሥራ ይዟል! እኔ ሸሽቼው መጣሁ ስል ኮትህ ውስጥ ሆኖ አብሮኝ ገባ። ላገኘሁት ሰው ሁሉ “የአባቴ ነው” እያልኩ ነው። ፍሪጅ ጆሮውን መድፈን ጀምሯል።

ስለዚህ ከሮዙ ብቻ፣ ሲሚንቶ ሳይነካው፣ ከመሮህ ሥር ደረቁን ዱቄት በንጹሕ ላስቲክ ቋጥርልኝ። ባይሆን ደግሞ ራስህ ይዘኸው ና፤ የሥራ ኮትህን ሳታራግፍ። መስኮቱ ጋ አቆምሃለሁ። ጨርቅ ያዡ ልጅህ ባጸዳው ጋን ውስጥ ድንጋይህ በረዶ ሲሠራ በዓይንህ ታያለህ።

ደረቱን ካንተ የወሰደው ልጅህ

ትመጣለህ ወይስ ትልካለህ? ዛሬውኑ መልስ ስጠኝ። ስልኩንም እንዳትዘጋ!