ለመዳም የነገርኳት የስሜን መንገድ

እሑድ፣ ሰኔ 14 ቀን 2007 ዓ.ም.፣ ከቀኑ 10 ሰዓት
ሳምቡሳው ተጠቅልሎ አልቋል። ሾርባው ተጥዷል። እስከ ማፍጠሪያ ትንሽ ፋታ አለኝ፣ ደብተሬ ስሚኝ። መዳም ዛሬ ወጥ ቤት ድረስ መጥታ ስልኳን አፍንጫዬ ላይ ደቀነችው። ፎቶ። ገደል፣ ገደሉ ጫፍ ላይ የጭላዳ መንጋ። ይህ አገርሽ ነው ወይ አለችኝ። እጄ ሊጥ እንደነካ ስልኩን ቀማኋት። ግጭ ነው። ሦስት በጋ ለቱሪስት ያበሰልኩበት የግጭ ካምፕ። ከኢድ በኋላ ቤተሰቡ በሙሉ ስሜን ሊሄድ ነው። ምን እንይ፣ በየት እንሂድ፣ አንቺ ንገሪን አለች። አማካሪ ሆንኩልሽ። እዚህ አረብ አገር፣ በሙረባዕ ሰፈር፣ ስሜንን ከእኔ በላይ የሚያውቅ ካለ ይምጣ።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 16
የጠየቀችኝን ብቻ መልሼ ዝም ማለት አልቻልኩም። ከሳንቃበር ጀመርኩ። የጅንባር ፏፏቴ ታች ሳይደርስ ብናኝ ሆኖ ሲቀር። እሜት ጎጎ ላይ ቆመሽ በሦስት በኩል ገደል፣ አሞራው ከእግርሽ በታች ሲበር። ጨነቅ ላይ በጧት ዋልያ። የደጋው ተክል፣ ጅብራው፣ አስታው። ጭላዳው ሰው አይፈራም፣ አጠገብሽ ቁጭ ብሎ ሣሩን ይነጫል። አረብኛዬ ሲያልቅብኝ በእጄ አሳየሁ። ሳህን ሰበርኩ። መዳም ሳቀች እንጂ አልተቆጣችም።

እኔንም ትወስዱኛላችሁ ወይ አልኳት። ኢንሻአላህ አለች። ይህቺን ኢንሻአላህ ሦስት ዓመት ሙሉ አውቃታለሁ፤ ልቤ ግን አልሰማኝም። ልጄን ሐያትን ትቻት ስመጣ ሦስት ዓመቷ ነበር። አሁን ስድስት ሞላት። አዲአርቃይ፣ እናቴ ጋ ናት። በስልክ ታፍረኛለች።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 20
ጉድ ነው። ለአንድ ሳምንት ያህል የደበቅኩትን ዛሬ አወጣሁት። ሐምሌ ክረምት ነው። እኛ የካምፕ ሰዎች በክረምት ድስት ሰቅለን ቤታችን እንገባለን፤ ቱሪስት የለማ። ዝናቡ አያባራም፣ ጉሙ እሜት ጎጎን ይውጠዋል፣ ብርዱ አጥንት ሰብሮ ይገባል። ካወቁ ይቀራሉ ብዬ ነበር የደበቅኩት። ጾም ይዤ መዋሸቱ ከበደኝ።

ባባ፣ ባሏ፣ ከወንበሩ ቀና አለ። በእውነት በየቀኑ ይዘንባል? አዎ። ጉሙ መኪና ይሸፍናል? ይሸፍናል። ሰውዬው ልጆቹን ጠርቶ አበሰራቸው። የአሥር ቀኑ ጉዞ ሁለት ሳምንት ሆነ። እኛ ከጭቃው ስንሸሽ እነሱ ሊያዩት ይሄዳሉ። ውጭው እሳት ነው፣ ምን ይፈረድባቸዋል። ወጥ ቤት ገብቼ ብቻዬን ሳቅኩ።

ረቡዕ፣ ሰኔ 24
ኸላስ፣ አለቀ። አልሄድም። ሐጃ፣ የባባ እናት፣ ብቻቸውን አይቀሩም። ከእኔ እጅ በቀር አይበሉም። መዳም ፊቴን ሳታይ ነገረችኝ። ሐጃን እወዳቸዋለሁ፤ ዛሬ ግን ሳጎርሳቸው ተናደድኩባቸው። ኋላ አፈርኩ። መታጠቢያ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ከዐስር ሰላት በኋላ መዳም ወረቀት ይዛ ተመለሰች። ከሁሉ የሚበልጠው የቱ ነው? ሊማሊሞ አልኳት። ላዩን ጉም ከጋረደባችሁ ከታች እዩት። ጠመዝማዛውን መንገድ ውረዱ፣ አዲአርቃይ ቁሙና ወደ ኋላ ዙሩ። ተራራው ሰማይ ድረስ እንደ ግንብ ቆሟል። በክረምት ከየገደሉ ነጭ ውኃ ይንዠቀዠቃል። እያደግኩ በየቀኑ አይቼው አልጠገብኩትም። መዳም ጻፈችው። ከስሩ አሰመረችበት።

አንድም ውሸት የለበትም። ግን ለምን እንዳልኩት አንቺም እኔም እናውቃለን። ባላሰቡት መንገድ ልጄ ደጅ ልጥላቸው ነው። ውስጤ እምቢ አለኝ።

ሐሙስ፣ ሰኔ 25፣ ከቀኑ 9 ሰዓት
ወሰንኩ። መዳምን በተራራ አላታልላትም። ዛሬ ካፈጠሩ በኋላ ወረቀቱን አስወጥቼ በግልጽ እነግራታለሁ። አዲአርቃይ፣ ከመስጊዱ ጀርባ፣ አረንጓዴ በር። ሐያት የምትባል ልጅ አለች፣ የእኔ ናት። እሷን ጉም አይሸፍናትም። ቁመቷ የት እንደደረሰ በእጅሽ ለክተሽ መጥተሽ አሳዪኝ እላታለሁ።