ቤቴን ለሚያፈርሰው ማኅተም ስለ ፈረሙልኝ

ይድረስ ለተከበሩ የከተማችን የመንገድ ሥራዎች ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? የምግብ ፍላጎትዎም እንቅልፍዎም የተሟላ እንደሆነ ተስፋ አደርጋለሁ፤ ከዚህ ደብዳቤ በኋላ ስለ እንቅልፍዎ እርግጠኛ ስላልሆንኩ አስቀድሜ መጠየቄ ነው። እኛ በፈጣን መንገዱ አዲስ መግቢያ ሥር ልንቀር የታሰብነው የሠፈሩ ነዋሪዎች ደኅና ነን። እኔ በመንገዱ ዳር ባለች አንድ ክፍል ቤት ሃያ ስድስት ዓመት ማኅተምና ቲተር የቀረጽኩ ሰው ስሆን፣ ባለቤቴ እዚያው ጥግ ላይ ፎቶ ኮፒ ታነሣለች፤ ከመጋረጃው ኋላ ደግሞ እንተኛለን። ይህችን ክፍል እስከ መጪው ሐሙስ ለቀን እንድንወጣ ያዘዙበት ደብዳቤ ደርሶናል። ወረቀቱ ማለፊያ ነው፤ ባለቤቴ ለማሽኗ እንዲህ ያለ ወረቀት አግኝታ አታውቅም።

ቅሬታ ማቅረብ ስለማልደፍር ምስጋናዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

1. መግቢያው በመጀመሪያው ንድፍ መሠረት ከመጋዘኖቹ ኋላ ባለው ባዶ መሬት ላይ እንዳይወርድ አድርገው ወደ እኛ ጣራ ስላዞሩት አመሰግናለሁ። ባዶው መሬት ታጥሮ የባለቤትዎ ወንድም ነዳጅ ማደያ እየተሠራበት ነው። ቤተሰብ እንዲህ ሲተሳሰብ ማየት ያስደስታል።

2. ባለፈው ጥር በጠሩን ስብሰባ ላይ ስላደሉን የታሸገ ውኃ እናመሰግናለን። ውኃውን ስንቀበል የፈረምንበት ወረቀት፣ ነዋሪው መግቢያውን በሙሉ ድምፅ ደገፈ ከሚል ቃለ ጉባኤ ጋር ተያይዞ አገኘነው። ፀጉር አስተካካዩ ጎረቤታችን ሁለት ውኃ ስለወሰደ ሁለት ጊዜ ደግፏል። ከሁለት ዓመት በፊት ያረፉት አማቴም ስማቸው ከደጋፊዎቹ መካከል ሰፍሯል። በሕይወት ሳሉ በአንድም ነገር ከእኔ ጋር ተስማምተው ስለማያውቁ፣ ቤቴ ይፍረስ ማለታቸውን እንኳ አምናለሁ።

3. ይህኛውን በአጭሩ ማለፍ ስለማልችል ይቅርታዎን እለምናለሁ። ከቃለ ጉባኤው ግርጌ የነዋሪዎች ኮሚቴ ማኅተም አለ፤ ቀኑም ጥር አሥራ ሁለት ይላል። በክቡ ግራ በኩል የመርፌ ጫፍ የምታህል ጭረት አለች። ያቺን ጭረት እኔ አውቃታለሁ፤ ምላጬ አዳልጦኝ የወጣች ናት። ቀኑ ሰኔ ሦስት፣ ከሰዓት በኋላ ነበር። ማኅተሙን ያዘዙኝ እርስዎ ራስዎ ነዎት፤ ሠፈሩን ሊያስለኩ መጥተው ስለነበር ቅርብዎ ያለሁት ማኅተም ቀራጭ እኔ ሆንኩ። እንደ ደንቡ ማኅተሙ እንዲቀረጽ ኮሚቴው የጻፈውን የድጋፍ ደብዳቤ ልጠይቅዎ ሲገባኝ፣ ትልቅ ሰው ናቸው ብዬ አፈርኩ። ጭረቷን አሳይቼ ልድገመው ስልዎትም ማን አይቶት ብለው ሰዓትዎን ተመለከቱ። ባለቤቴ በደህናው ብርጭቆ ውኃ ሰጠችዎ፤ እርስዎም ዙሪያውን ቃኝተው ቦታው ጥሩ እንደሆነ ነገሩን። በሙገሳዎ ደስ ብሎን እንደነበር ሳስብ እስካሁን ፊቴ ይቀላል።

ቤቴን የሚያፈርሰውን ነገር በገዛ እጄ ቀርጬ፣ በጨርቅ ወልውዬ፣ በሁለት እጄ አቀረብኩልዎ። ይህን ባወቅሁ ቀን ባለቤቴን ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። ቂመኛ ሆኛለሁ፣ አልክድም። ቂሜን ይዤ እነሣለሁ፣ ይዤው እሠራለሁ፤ በዚህ ዕድሜዬ እንዲህ የሚያበረታ ነገር አገኛለሁ ብዬ አላሰብኩም ነበር።

4. በመጨረሻም ስለ ፊርማዎ አመሰግናለሁ። እንደሚያስታውሱት፣ ማንኛውም ማኅተም ከቤቴ ከመውጣቱ በፊት መዝገብ ላይ ይመታል፤ ከጎኑም ቀኑ ይጻፋል፣ ተረካቢው ይፈርማል። እርስዎም ቸኩለው ሳለ ሳይሰለቹ፣ ጅራቱን ረዘም አድርገው በሚያምር ሁኔታ ፈርመዋል። በጥር ስብሰባ ላይ የተመታው ማኅተም በሰኔ እንደተወለደ የሚመሰክረው ገጽ ይኸው ነው። ባለቤቴ ያንን ገጽ አርባ ጊዜ አባዝታ በየበሩ ለጥፋዋለች፤ ማሽኗ እንደዚያን ቀን ሳይበላሽባት ሠርቶ አያውቅም። ዋናው መዝገብ ፍርድ ቤት ገብቷል። ዳኛውም ጉዳዩን እስኪሰሙ ድረስ ቤቱ እንዳይነካ አዝዘዋል፤ ስለዚህ ሐሙስ ዶዘሩን በከንቱ እንዳያደክሙት በአክብሮት አሳስባለሁ።

ያለ ድጋፍ ደብዳቤ በመቅረጼ እኔም እንደምጠየቅ ተነግሮኛል። ፈቃዴን ይውሰዱት። እኔ የምለምነው ጎን ለጎን እንድንቆምና ፊትዎን በቅርብ እንዳይ ብቻ ነው።

ከታላቅ አክብሮት፣ ከዚያም ከሚበልጥ ቂም ጋር፣ ውኃ ያጠጣዎት ቤት አባወራ፣
ማኅተም ቀራጩ።

ማስታወሻ፦ ጸሐፊዎ ባለፈው ሳምንት በስልክ ያዘዙት የመንገዱ የምረቃ ኮሚቴ ማኅተም ደርሷል፤ በዚህኛው ክብ ላይ አንዲትም ጭረት የለችም። ደንቡን ያውቁታል፣ ሳይፈርሙ መውሰድ አይቻልም። መዝገቡ ግን እኔ ዘንድ ስለሌለ፣ ሰኞ ጠዋት በሦስት ሰዓት ዳኛው ፊት ተዘርግቶ ይጠብቅዎታል።