ቀይ ቦታ አይታሽም

ጥቅምት 6

ዛሬም እንደ ትናንቱ። ጠዋት እማማን አጠብኳቸው፣ አንሶላ ቀየርኩ፣ ወደ ግራ ጎናቸው አዞርኳቸው። ግማሽ አካላቸው አልታዘዝ ካለ ሦስት ዓመት ሆነ፤ ምላሳቸው ግን ይመስገን፣ አንድም ቀን ሰንፎ አያውቅም። «ዛሬ ፊትሽ ፈካ ብሏል፣ ልጄ ምን አድርጎልሽ ነው?» አሉኝ። ልጅዎ የሰው ሰዓት ከመጠገን ሌላ ምን ያውቃል አልኳቸው። ሳቁ።

ቀኝ ዳሌያቸው ላይ ያለው ቀይ ቦታ አልለቅ አለ። ቫዝሊን ቀብቼ እንደ ሁልጊዜው ደህና አድርጌ አሸሁላቸው። ደስ ይላቸዋል። ዓይናቸውን ጨፍነው «እጅሽን ይባርከው» ይላሉ።

ከዚያ ደብተሬን ይዤ መስኮቱ ሥር። ፈተናው ታኅሣሥ 20 ነው። ልጅ ወለድኩ ብዬ ለአንድ ዓመት ከነርስነት የወጣሁ ሰው፣ አሥራ አራት ዓመት ቆየሁ… የሥራ ፈቃዴም ጊዜው አለፈ። ነሐሴ ላይ ተፈትኜ በአራት ነጥብ ወደቅኩ። አሁን ደግሜ ከወደቅኩ ሕጉ ቁርጥ ያለ ነው፤ አንድ ዓመት ሙሉ ተመልሶ መማር፣ ያውም ሌላ ከተማ። እማማን ጥዬ የት እሄዳለሁ? ስለዚህ ይሄ የመጨረሻዬ ነው። ይህን እያወቅኩም ዛሬ ደስ ብሎኛል። ማጥናት እወዳለሁ መሰለኝ።

ጥቅምት 9

ትንሿ ልጄ ትጠይቀኛለች፣ እኔ እመልሳለሁ። ከሃያው አሥራ አምስት። «እማዬ፣ ስትሳሳቺም እኮ በልበ ሙሉነት ነው» አለች። ይህ ምላስ ከአያቷ መሆን አለበት።

ጥቅምት 15

ነሐሴ ላይ ምን እንደጣለኝ አሁንም አልገባኝም። ደብተሩን በቃሌ ነው የምወጣው። በሦስት ቀለም የተጻፈ፣ መስመሩ ሁሉ በማስመሪያ። ያኔ ነርስነት ስንማር ክፍሉ በሙሉ ከእኔ ነበር የሚቀዳው። ሁለት ልጆች እንጋባ ያሉኝ ለደብተሬ ብለው ነው እላለሁ እስከ ዛሬ።

ሰውዬዬን ጠየቅኩት። ያቺን ማጉያ ዓይኑ ላይ እንደሰካ፣ ቀና ሳይል፣ «ፍርሃት ነው» አለ። አልፈራሁም እኮ። ዘና ብዬ ነው ጽፌ የወጣሁት… ያልፈራ ሰው ይወድቃል እንዴ?

ጥቅምት 23

ድሮ ሆስፒታል አብራኝ ትሠራ የነበረችው ቀጭኔ እማማን ልትጠይቅ መጣች። ስሙን ያወጣሁላት እኔ ነኝ፣ ቁመቷን አይቼ። መርፌ መውጋት ያስተማርኳትም እኔ። መርፌውን ስታነሳ ከበሽተኛው ይልቅ ለእሷ ነበር የምፈራው። አሁን የሆስፒታሉ የአስተኝቶ ማከሚያ ክፍል ኃላፊ ናት። ጥር ላይ አንድ ቦታ ይከፈታል ብላለች፤ ካለፍኩ የምገባው እሷ ሥር ነው።

እያወራን እማማን አዞርኳቸው፣ ቫዝሊኑን አነሳሁ፣ ማሸት ጀመርኩ። ቀጭኔ ወሬዋን አቋርጣ እጄን አየች።

«ሲስተር» አለች ቀስ ብላ። «እሱን ተዪው።»

«ምኑን?»

«ማሸቱን። ቀይ ቦታ አይታሽም። ከሥሩ ያለው ሥጋ ቀድሞ ተጎድቷል፣ ሲታሽ ይብስበታል። ከተቀየረ ቆየ እኮ።»

«እኔ አይደለሁ እንዴ እሹ ብዬ ያስተማርኩሽ?»

«ነሽ። እኔም ስንት ጊዜ አሸሁ… ተዪ እስኪሉኝ ድረስ።»

ደብተሬን አመጣሁ፣ ልከራከራት። ገጽ ሠላሳ አንድ፣ በአረንጓዴ፣ ሁለቴ የተሰመረበት፦ የቀላውን ቦታ ክብ እየሠሩ ማሸት። ደብተሩን ተቀብላ አገላበጠችው። የአዋቂ ሰው ልብ ድንገት ሲቆም የእኔ ደብተር መጀመሪያ ትንፋሽ መስጠት ይላል፤ አሁን ደረት መጫን ይቀድማል አለች። ሌላም፣ ሌላም። አልሳቀችብኝም። ብትስቅብኝ ይሻለኝ ነበር።

ለካ የወደቅኩት ሳላጠና ቀርቼ አይደለም። ያረጀ ነገር አጥብቄ ስላጠናሁ ነው።

ጥቅምት 24

አላነበብኩም። ስንት ጀርባ አሽቻለሁ? ስንት ሰው መርቆኛል? በደግነት የጎዳሁት ሰው አለ ማለት ነው… እማማ ደግሞ በየቀኑ፣ በገዛ እጄ። አዘንኩ፣ በጣም አዘንኩ። ትንሿ ከኋላዬ መጥታ አቀፈችኝ።

ጥቅምት 26

ለእማማ ነገርኳቸው። ማምለጫም አልነበረኝም። አዙሬ ሳላሽ ስተዋቸው «ምነው፣ ተቀየምሽኝ?» አሉ።

«ኧረ አልተቀየምኩም። ማሸቱ ጥሩ አይደለም። እስከ ዛሬ እየጎዳሁዎት ነበር።»

«ማን ነው እንደሱ ያለው?»

«አዲሱ መጽሐፍ።»

«መጽሐፉ ዳሌውን አሞት ያውቃል?»

ሳቄ መጣ፣ ከሳቄ ጋር እንባዬ። በደህናው እጃቸው አገጬን ያዙ። «ስሚኝ። እንደኔ የወደቁትን ማንም ዞር ብሎ አያያቸውም። እኔ ሦስት ዓመት ሙሉ የሰው እጅ አልተለየኝም። ሌላውን ተዪው። በይ አሁን፣ መጽሐፉ ትከሻም ይከለክላል?»

አይከለክልም። ትከሻቸውን አሸሁላቸው። እስኪበቃቸው።

ኅዳር 4

ቀጭኔ አዲሱን መጽሐፍ አዋሰችኝ። ትንሿ ከመጽሐፉ ታነባለች፣ እኔ ደብተሬ ላይ በቀይ እሰርዛለሁ። የመጀመሪያዎቹ ገጾች ላይ እጄ እምቢ አለ። የገዛ ጽሑፍን መሰረዝ እንዲህ ይከብዳል? ከሃምሳኛው ገጽ በኋላ ግን እንደ አረም መንቀል ጣመኝ። «እማዬ ቀስ፣ ትክክሉንም ሰረዝሽው» አለች ትንሿ።

ያልተሰረዘም ብዙ አለ። እጅሽን ታጠቢ። ስሙን ጠይቂ። የሚያመውን ቦታ መጨረሻ ላይ ንኪ። እነዚህ አላረጁም፣ ደስ አለኝ።

ኅዳር 12

ቀዩ ቦታ ጠፋ። በቀኝ ጎናቸው ማስተኛት የለም፣ ጉልበታቸው መሀል ትራስ፣ በየሁለት ሰዓቱ ማዞር። ይኸው ነው። ልቤ ቅልል አለኝ።

ኅዳር 27

ዛሬ የግሉኮስ ጠብታ ስሌት፤ በደቂቃ ስንት ጠብታ ይውረድ የሚለው። ድሮ በዓይኔ ነበር የማስተካክለው፤ ፈተናው ግን ዓይኔን ምን ያደርግለታል? ሰውዬዬ ሰዓት ፊቴ አስቀምጦ የሚያፈሰውን የወጥ ቤት ቧንቧ ጠብታ አስቆጠረኝ። በደቂቃ ሃያ አንድ አልኩ። «ሃያ ሁለት ነው» አለ። ስለ አንድ ጠብታ ግማሽ ሰዓት ተጨቃጨቅን። ቧንቧው እስካሁን አልተጠገነም። ሰዓት ጠጋኝ ባል ያላት ሴት ሰዓቷ አይዛነፍ እንጂ ሌላው ሁሉ ያፈሳል።

ስሌቱን ግን ያዝኩት። አሥር ጥያቄ፣ አሥሩንም።

ታኅሣሥ 19

ነገ ነው። ካለፍኩ ሰውዬዬ የሥራ ጠረጴዛውን ከሱቁ ወደ እማማ ክፍል ያመጣዋል፣ ሥራውን እዚያው እየሠራ እኔ በሌለሁበት እሱ ያዞራቸዋል። ቃል ገብቷል። እማማ «እሱ? በሦስተኛው ቀን ቅበሩኝ» ብለዋል። ቀልዳቸውን ነው… መሰለኝ።

ታኅሣሥ 20

ጨረስኩ። አዳራሽ ሙሉ ሕፃናት፣ አንድ እኔ። በር ላይ አንዷ «እናቴ፣ ልጅ ሊያደርሱ መጥተው ነው?» አለችኝ። አይ፣ ራሴን ላደርስ ነው አልኳት። አፈረች። ቦታዋን ስታገኝ ዞራ ሳቀችልኝ።

ጥያቄ ሠላሳ ስምንት። አልጋ ላይ የዋሉ አንዲት አሮጊት፣ ዳሌያቸው ቀልቷል፣ ነርሷ ምን ታድርግ? ማሸት «ሀ» ላይ አምሮበት ተቀምጧል። ነሐሴም ተመሳሳይ ጥያቄ ነበረ፤ ሳላመነታ ነበር እሱን የመረጥኩት። ዛሬ «ሐ»ን መረጥኩ፦ ቦታውን ከጫና ማሳረፍ። በልቤ «ይቅርታ እማማ» አልኩ።

በዚህኛው ፈተና ፈራሁ። እያንዳንዱን ሁለቴ አነበብኩ። እንጃ… ግን በገዛ ድፍረቴ አልወድቅም።

ጥር 3

አለፍኩ።

ስልኩ ላይ ያየው ሰውዬዬ ነው። ቁጥሬን ሦስቴ አመሳከረ። «ሰማንያ አንድ» አለ። ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። ትንሿ ስትጮህ እማማ ከክፍላቸው «ማን ሞተ?» አሉ። ማንም አልሞተም፣ ምራትዎ ነርስ ሆነች አልኳቸው። «እሱንማ እኔ መች አጣሁት» አሉ።

ጥር 19

የመጀመሪያ ቀኔ። አሥራ ስድስት ታካሚ። ቀጭኔ ሁሉም ፊት «እኔን ያስተማረችኝ ናት» ብላ አስተዋወቀችኝ፤ ወዲያው ደግሞ ጓንት የት እንደሚቀመጥ እንደ ተለማማጅ እየመራች አሳየችኝ። ሁለቱም ደስ አለኝ። ያላወቅኩትን ሁሉ ጠየቅኩ፣ አላፈርኩም። እግሬ አብጧል።

አሥራ አንድ ሰዓት ቤት ስገባ ሰውዬዬ ወረቀት ይዞ በር ላይ ቆሟል። «ርክክብ» አለ፣ እንደ ተረኛ ነርስ። እንዲህ ይላል፦ ሦስት ሰዓት፣ ወደ ግራ። አምስት ሰዓት ከሦስት ደቂቃ፣ በጀርባ (ሦስት ደቂቃ ዘግይቻለሁ፣ ይቅርታ)። ሰባት ሰዓት፣ ወደ ግራ። ሾርባ፣ ሙሉ ሳህን፣ ከስድብ ጋር። ዘጠኝ ሰዓት፣ በጀርባ። ከሥሩ ፈርሟል። የፈረመው ለእኔ ነው… አንብቤ ስጨርስ ማልቀስ አማረኝ።

እማማን እንዴት ዋሉ አልኳቸው። በደህናው እጃቸው ልጃቸውን ጠቆሙ። «እሱ ወድቋል። ነገ ደግሞ ይፈተን።»

አንሶላው ከሥራቸው ተሸብሽቧል። ላስተካክለው እጄ ሄደ፣ ግን መልሼ ሰበሰብኩት። ወንበር ስቤ ቁጭ አልኩና ጫማዬን አወለቅኩ። «አንተ አስተካክለው» አልኩት።

ቀስ ብሎ፣ ጥግ ጥጉን ይዞ ወጠረው። እማማ ሁለት ነጥብ ጨመሩለት።