አፉ የተከፈተ አሻንጉሊት

ጥቅምት 3
ዛሬም ስምንት እናቶች፣ ዛሬም ያው የጡት ማጥባት ጥያቄ። የላስቲኩን አሻንጉሊት ደረቴ ላይ ለጥፌ አሳየኋቸው፤ ስድስት ዓመት ሙሉ እንዳሳየሁት። አሥር ደቂቃ አይፈጅም።

ከኋላ የተቀመጠችው፣ የሳምንት ልጅ የታቀፈችው፣ ማልቀስ ጀመረች። መነጽር ቤት ነው የምትሠራው። "ሲስተር፣ አልይዝልኝ አለ... በጣም ያመኛል።" ድመት እንኳ ታጠባለች እኮ አልኳት። ሌሎቹ ሳቁ። አልቃሻዋ ብዬ ሰየምኳት። ጡት ማጥባት እንዴት ያቅታል? እኔ ልወልድ ሁለት ሳምንት ቀረኝ፤ እንደሷ አልነፋረቅም። እግሬ አብጧል።

ጥቅምት 10
አልቃሻዋ ለክትትል አልመጣችም። መዝገቡ ላይ "ችግሯ ተፈቷል" ብዬ ጻፍኩ። ካልመጡ ተሳክቶላቸዋል ማለት ነው።

ጥቅምት 18
ወለድኩ። ሴት ናት። ሦስት ኪሎ ከመቶ። አላለቀስኩም።

ጥቅምት 20
አማቴ ሻንጣዋን ይዛ ገባች። ግማሹ ልብስ፣ ግማሹ ምክር። "ጡትሽ ትንሽ ነው ልጄ፣ ከዚህ ምን ሊወጣ?" እኔን! ስንቱን እናት ያስተማርኩትን! ባሌ ደግሞ ስልኩን ይዞ ከጎኔ ቆሞ ያነብልኛል። "እዚህ ላይ አርባ አምስት ዲግሪ ይላል።" አናጺ ሆነ እንዴ?

ልጅቷ ጫፉን ብቻ ትነክሳለች። ደማ። አላለቀስኩም... መታጠቢያ ቤት ገብቼ፣ ትንሽ።

ጥቅምት 22
አፏን አትከፍትም። ከንፈሯን ሰብሰብ አድርጋ ሁለቴ ስባ ትተኛለች። የማውቀውን ሁሉ ሞከርኩ። የማውቀው ሁሉ ለካ አሥር ደቂቃ ነው፤ አለቀ። ከጠዋት እስካሁን ጨርቋ የረጠበው አንዴ ብቻ ነው። እናቶችን "ይሄን ካያችሁ ቶሎ ኑ" እላቸዋለሁ። እኔስ የት ልሂድ? ባልደረቦቼ ፊት? ሞቼ ነው ቆሜ።

ከከተማው ሌላ ጫፍ አንድ ጤና ጣቢያ አለ። እዚያ ማንም አያውቀኝም።

ጥቅምት 23
ካርዱ ላይ ሥራ የሚለው ቦታ "የቤት እመቤት" አስጻፍኩ። ሚዛኑ ሁለት ኪሎ ከሰባት መቶ ሃምሳ አለ። ሦስት መቶ ሃምሳ ግራም ቀንሳለች። ሐኪሙ፣ "ወተትሽን እያለብሽ በኩባያ ጨምሪላት። ከነገ ወዲያ አምጫት፤ ካልጨመረች እናስተኛታለን" አለና ለትምህርት ወደ ሌላ ክፍል ላከኝ።

ለትምህርት! እኔን!

ትናንት የተመረቀች የምትመስል ነርስ የላስቲክ አሻንጉሊት ደረቷ ላይ ለጠፈች። ከእኔው ጋር አንድ ዓይነት ነው። አፉ ክብ ተከፍቶ ነው የተሠራው... ስድስት ዓመት ይዤው አንድ ቀን ልብ አላልኩትም። አፉ ሁልጊዜ ክፍት ነው። እሱን እንኳን እናት፣ ዘበኛውም ያጠባዋል። "ተፈጥሮ ነው፣ አይጨነቁ" አለችኝ ነርሷ ፈገግ ብላ። ሰው በጥፊ መምታት አማረኝ። ማንን እንደሆነ ግን አላውቅም።

"ሲስተር?"

አልቃሻዋ! ልጇን ልታስመዝን መጥታ፣ ከጎኔ። ልጇ አገጩ ሁለት ሆኗል። "ምን እያደረጉ ነው እዚህ?" ውሸት ልፈጥር አፌን ስከፍት እንባዬ ቀደመኝ። ያ ሁሉ ሰው እያየኝ። ድመቷን ታነሳብኛለች ብዬ ጠበቅኩ። አላነሳችም። "ቤቴ እዚህ ጋ ነው" አለች።

ሶፋዋ ላይ ወደ ኋላ ጋደም አደረገችኝ። ልጅቷን ሆዴ ላይ አስተኛቻት። "እጅዎን ከጭንቅላቷ ያንሱ። ጀርባዋን ይደግፉ። አፍንጫዋ ከጡትዎ ጫፍ ትይዩ ይሁን። አሁን ይጠብቁ።"

"እስከ መቼ?"

"የሚያዛጋ ሰው ያህል እስክትከፍት።"

ጠበቅን። ሦስቴ ከሸፈ። በአራተኛው አፏን በሰፊው ከፈተች፤ "አሁን! ወደ እርስዎ ይሳቧት!" አላመመኝም። ስትውጥ ሰማሁ። ጕጭ... ጕጭ...

ማን አስተማረሽ አልኳት። የሥራ ባልደረባዋ ናት። በምሳ ሰዓት ከመነጽር ቤቱ እየሮጠች መጥታ፣ አራት ቀን አብራት ተቀምጣለች። ታዲያ ለምን ወደኛ አልተመለስሽም? ልጇን ወደ ሌላው ትከሻዋ አዞረችው።

"ሲስተር፣ ማን ይመለሳል?"

ችግሯ ተፈቷል። እንዲህ ብዬ በእጄ ጽፌአለሁ። በሰው ሁሉ የምስቀው እኔ ከሁሉ የባስኩ ከንቱ ነኝ።

ጥቅምት 25
ሁለት ኪሎ ከስምንት መቶ አርባ። አላስተኟትም!

አልቃሻዋ ትናንትም ዛሬም ቤቴ መጣች። አማቴን፣ "እማማ፣ እርስዎ ጨርቁን ይጠቡልን፣ ጡቱን ለኛ ይተዉት" አለቻት። አጠበች! ለእኔ አንድ ቀን ታዛ አታውቅም። ባሌ ዲግሪውን ሊጀምር ሲል ትራስ አሸከመችው። እንደተሸከመ አንድ ሰዓት ቆመ። ለመጀመሪያ ጊዜ ጠቀመ።

ስሟን አላውቅም። አሁን እንዴት ብዬ ልጠይቃት?

ኅዳር 2
ሦስት ኪሎ ከመቶ። የተወለደችበት ላይ ተመለሰች። አማቴ ለጎረቤት "በእኔ ምክር ነው" ስትል ሰማኋት። ይሁንላት።

የካቲት 20
ሥራ ጀመርኩ። መጀመሪያ መዝገቡን ከፈትኩ። ስሟ ለካ እዚያው ነበር፣ በእኔው ጽሕፈት። "ችግሯ ተፈቷል" የሚለውን ሰረዝኩና "አባረርኳት" ብዬ ጻፍኩ።

ከዚያ የአሻንጉሊቱን አፍ በፕላስተር ለጥፌ ለእናቶቹ ሰጠኋቸው። እስቲ አጥቡት አልኩ። ተያዩ። አንዷ ሳቀች። ከኋላ ያለችው ግን ማልቀስ ጀመረች፤ ልጇ ጡቷ ላይ ከንፈሩን ገጥሞ ይታገላል። ቅጽል ስም አፌ ላይ መጣ። ጥሩ ስም ነበር። ዋጥኩት። ወንበሬን ይዤ አጠገቧ ተቀመጥኩና የራሷን ስም ጠየቅኳት።

ኃላፊያችን በሩ ላይ ቆሞ ሰዓቱን ያሳየኛል። አሥር ደቂቃው አልፏል። ይህ ሰው በሕይወቱ አሻንጉሊት እንኳ አቅፎ አያውቅም።

"እስከ መቼ ነው የምንጠብቀው ሲስተር?" አለችኝ እናትየዋ።

"እስኪከፍት።"

ኃላፊው ሰልችቶት ሄደ። ልጁ አፉን ከፈተ።