ወንድሜ ያልሽው ሰው

ውድ ጂቱ፣

የጠበቃችሁ አስተርጓሚ ዛሬ ደወለችልኝ። ጥገኝነት የከለከላችሁን ውሳኔ ፍርድ ቤቱ ሽሮታል። ጉዳያችሁ እንደገና ይታያል፤ እስከዚያ ማንም አያባርራችሁም። አንቺን፣ ልጅሽን ሀሴትን፣ እሱን።

"ደስ አይልም?" አለችኝ።

"ደስ ይላል" አልኳት። ከዚያ መነጽር ቤቴን ዘግቼ ተቀመጥኩ። ውጭ የአዳማ ነፋስ አቧራውን መስታወቱ ላይ ይረጨዋል።

መዘዙ የመጣው ከአንድ ቃል ነው። መጀመሪያ ሲጠይቁሽ ለወላጆችሽ አንድ ልጅ እንደሆንሽ ተናገርሽ። ቀጥለሽ፣ ሊያስሩሽ ሲፈልጉሽ አቦምሳ ወስጄ የደበቅኩሽን እኔን "ወንድሜ ነው" አልሽ። የሌላትን ወንድም ፈጥራለች፣ የቀረውም ውሸት ነው ብለው ከለከሏችሁ። ለምን እንዲያ እንዳልሽ ይገባኛል። ሰይፈሚካኤል አጠገብሽ ነበር። ስደት ላይ አግኝተሽ ያገባሽው፣ የእኔን ነገር ያልነገርሽው ባልሽ።

አቦምሳም ለጎረቤቶች እንዲሁ ትዪ ነበር። ያላመነችሽ አክስቴ ዘመናይ ብቻ ናት። "አንቺ! እኔም ወንድሞች አሉኝ፤ አንዳቸውም ሻዬን ቀምሰው፣ ስኳሩን አስተካክለው ሰጥተውኝ አያውቁም!" ፊትሽን በሻርፕሽ ሸፍነሽ ሳቅሽ።

በችሎቱ ቀን ከዚህ ሆኜ ልመሰክርላችሁ ስልኬ ላይ ምስላችሁ ሲመጣ ከአንቺ በፊት ያየሁት የባልሽን መነጽር ነው። ወደ ግራ አዘንብሏል። ደስ አለኝ። አብራው እየኖረች አላየችለትም፣ አልኩ በልቤ። ወዲያው እጅሽን ሰደድ አድርገሽ አቃናሽለት። ዳኛውን እንኳ ቀና ብለሽ ሳታዪ።

ቢፈረድባችሁ ትመለሻለሽ ብዬም አሰብኩ። ማን ሊያስርሽ እንደሚጠብቅሽ ረስቼ። አይ፣ አልረሳሁም። ለአፍታ ወደ ጎን አድርጌው ነው።

"አቶ አማኑ፣ የአመልካቿ ወንድም ነዎት?" አሉኝ ዳኛው።

"አይደለሁም።" ስንት ጊዜ ልናገረው የፈለግኩት ነገር ነው።

"ታዲያ ለምን ወንድሜ አለችዎት?"

"እኛ አገር የምንወደውንም፣ መንገድ ላይ ያገኘነውንም ወንድሜ እንላለን።"

ዳኛው አሰቡ። "እርስዎ ከየትኛው ነዎት?"

አንቺ ጠረጴዛውን ታያለሽ። እሱ እኔን ያየኛል። እውነቱን ብናገር ዳኛው ያምኑኝ ነበር፤ እሱም ያምነኝ ነበር።

"የምታምነው ሰው ነበርኩ" አልኩ። ውሸት የለበትም። ሁሉም ግን አልተባለም።

የዳኛው ፊት አልተፈታም። ያኔ ነው ባልሽ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ ወደ ካሜራው ጎንበስ ያለው። "እግዜር ይስጥህ ወንድሜ። ያኔ ባትደርስላት ዛሬ እኔም ቤተሰብ የለኝም።"

አስተርጓሚዋ አንድም ቃል ሳታስቀር ተረጎመችው። ዳኛው ብዕራቸውን አስቀመጡ። "እኚህ ሰው የእርስዎ ወንድም ናቸው?" አሉት።

"ኧረ ዛሬ ገና ማየቴ ነው!" አለ ባልሽ ደንግጦ። ዳኛው ፈገግ አሉ።

ውሳኔው ላይ የተጠቀሰው የእሱ "ወንድሜ" የሚለው ቃል ነው አለችኝ አስተርጓሚዋ። የእኔ አይደለም። የደበቅኩሽ እኔ፣ ያዳነሽ እሱ። ያውም ምን እንዳደረገ ሳያውቅ። በዚህም ቀናሁበት።

ጂቱ፣ ሀሴትን ሳሚልኝ። የባልሽ መነጽር የቀኝ ክንዱ ላልቷል፤ ብሎኑን ያጥብቁለት።

ከእንግዲህ ወንድሜ ብትዪኝ የሚጠረጥር የለም፤ ፍርድ ቤት ሳይቀር አጽድቆልሻል። አንቺ ግን አትበዪኝ።

አማኑ